በአገልግሎት የሚከፈል የተማሪ ብድር የአእምሮ ጤና ባለሙያ እጥረትን ያቃልላል? ውል ከመፈረሜ በፊት ምክር እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ ከአዲስ ተመራቂ

ክቡራን አንባብያን፣

በአሜሪካ በሶሻል ወርክ የማስተርስ ዲግሪዬን ካገኘሁ በኋላ፣ ለክሊኒካል የሙያ ፈቃድ የሚጠየቀውን በሱፐርቪዥን፣ ማለትም በአንጋፋ ባለሙያ ክትትል፣ ሥር የሚቆጠር የሥራ ሰዓት በመሙላት ላይ እገኛለሁ። የምሠራው ለትርፍ ባልተቋቋመ የማኅበረሰብ ክሊኒክ ሲሆን፣ ወደ እኔ ከሚመጡት ታካሚዎች ብዙዎቹ ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የድሆች የጤና ኢንሹራንስ ያላቸው ወይም ምንም ኢንሹራንስ የሌላቸው ናቸው። ዕዳዬ በአብዛኛው የፌዴራል ብድር ነው፤ በመጨረሻው የትምህርት ዓመት ግን የጎደለኝን ከግል አበዳሪ ወስጃለሁ። ከደመወዜ የቤት ኪራይና የዕለት ወጪ ከተነሣ በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ ወለዱን እንኳ በቅጡ አይሸፍንም።

የሥራ ባልደረቦቼ ሁለት መንገዶችን ይጠቁሙኛል። አንደኛው ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር የሚባለው፣ የባለሙያ እጥረት ባለበት ቦታ ለማገልገል ውል ለሚገቡ ሰዎች ዕዳቸውን የሚከፍለው ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ፐብሊክ ሰርቪስ ሎን ፎርጊቭነስ፣ በተለምዶ ፒኤስኤልኤፍ የምንለው፣ ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልተቋቋመ ድርጅት ለሚሠሩ ሰዎች ከዓመታት ክፍያ በኋላ የቀረውን ብድር የሚሰርዘው ነው። ከሁለቱ የትኛው ለእኔ ሁኔታ ይስማማል? ሁለቱንስ አንድ ላይ መያዝ ይቻላል? ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የሌለኝ መሆኔ ለውጥ ያመጣ ይሆን?

ከግል ጉዳዬ ባሻገር የሚያሳስበኝ ሌላ ነገርም አለ። በክሊኒካችን ተራ የሚጠብቀው ሰው ዝርዝር ሲረዝም እንጂ ሲያጥር አይቼ አላውቅም። አዲስ ቴራፒስት ይቀጠራል፣ ፈቃዱን ሲያገኝ ወይም የአገልግሎት ውሉን ሲጨርስ ይሄዳል፣ ታካሚውም ታሪኩን ለሌላ ሰው እንደገና ከመጀመሪያው ይናገራል። እንዲህ ከሆነ በአገልግሎት የሚከፈል ብድር እጥረቱን በእርግጥ ያቃልላል ወይስ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይሸፍነዋል? በሥራው ያለፋችሁበት ወይም ጉዳዩን የምታውቁ ሁሉ ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ ከክሊኒካል ሶሻል ወርከር

ውድ ጠያቂ፣ በናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር ውል በገጠር ጤና ጣቢያ ያገለገልሁ በመሆኔ ከዚያ ልምድ ተነሥቼ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ ሁለቱ ፕሮግራሞች በአሠራራቸው ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ ሕግ የተመሠረተውና ኸርሳ በሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚተዳደረው ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ብድር አይሰርዝም። ገንዘቡን ቀድሞ ለእርስዎ ይሰጣል፣ እርስዎም ለአበዳሪዎ ያስገባሉ፣ ማስገባትዎንም በማስረጃ ያሳያሉ። ለአእምሮ ጤና ባለሙያ በመደበኛው ውል የ2 ዓመት የሙሉ ጊዜ አገልግሎት እስከ 50,000 ዶላር፣ የግማሽ ጊዜ አገልግሎት ደግሞ እስከ 25,000 ዶላር ያስገኛል። በሱስ ሕክምና ላይ ለሚሠሩ በ3 ዓመት እስከ 75,000 ዶላር፣ በገጠር ማኅበረሰብ ውስጥ ይህንኑ ሥራ ለሚሠሩ ደግሞ በ3 ዓመት እስከ 100,000 ዶላር የሚከፍሉ ሌሎች ውሎችም አሉ። ገንዘቡ የፌዴራል የገቢ ግብር አይከፈልበትም፤ ዕዳ ከተረፈም ውሉ በየአንድ ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። ለእርስዎ የሚጠቅም አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ ለትምህርት የተወሰደ መሆኑ ከተረጋገጠ የግል አበዳሪ ብድርም በዚህ ፕሮግራም ሊከፈል ይችላል።

ፒኤስኤልኤፍ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሕግ ውጤት ነው። ብቁ በሆነ ቀጣሪ ዘንድ በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት እየሠሩ 120 ወርኃዊ ክፍያዎችን ከከፈሉ በኋላ የቀረው ዕዳ ይሰረዛል፤ በተሰረዘውም ላይ የፌዴራል ግብር የለም። 120ው ክፍያ ተከታታይ መሆን የለበትም፣ ቀጣሪ መለወጥም ይቻላል። ሆኖም የሚሠራው ዳይሬክት ለሚባለው፣ የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ በቀጥታ ለሚያበድረው ብድር ብቻ ስለሆነ ከግል አበዳሪ የወሰዱትን አይነካም። በዚህ ምክንያት ማንም ሰው የወለድ ቅናሽ አሳይቶ የፌዴራሉን ብድር ወደ ግል አበዳሪ እንዲያዛውሩ ቢመክርዎት አይቀበሉ፤ ከተዛወረ በኋላ መመለሻ መንገድ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር የሚቀበለው ያለ ሱፐርቪዥን ለመሥራት የሚያስችል ሙሉ የሙያ ፈቃድ ያለውን ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ እርስዎ ያሉበት ሁኔታ፣ ማለትም ዲግሪ ተይዞ ፈቃዱ የሚጠበቅበት ጊዜ፣ ከፕሮግራሙ ውጭ ነው። ብዙ ስቴቶች ለክሊኒካል ሶሻል ወርከር ፈቃድ ከ2,000 እስከ 4,000 የሥራ ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ 3,000 ሰዓት ትጠይቃለች። ይህ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሚፈጅ፣ ደመወዙ ከሁሉ ያነሰበት፣ ወለዱ ግን የማይቆምበት ጊዜ ነው። በእኔ እምነት ብዙ ጎበዝ ወጣቶችን የምናጣው እዚህ ላይ ነው፤ ፈቃዱ እጃቸው ሳይገባ ሙያውን ትተው ይሄዳሉ፣ ከሄዱ በኋላ ደግሞ የትኛውም የብድር ፕሮግራም አያገኛቸውም።

ፒኤስኤልኤፍ ግን የሚመለከተው ቀጣሪዎን እንጂ ፈቃድዎን አይደለም። ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ስለሆኑ፣ ብድርዎ ዳይሬክት ሆኖ በገቢ ላይ በተመሠረተ ብቁ የክፍያ ዕቅድ ውስጥ ካሉ፣ በሱፐርቪዥን የሚሠሩባቸው ወራት ከአሁኑ ይቆጠሩልዎታል። የቀጣሪ ማረጋገጫ ቅጹን በየዓመቱና ሥራ በለወጡ ቁጥር ያስሞሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያዎቹ ተበዳሪዎች ማመልከት ሲጀምሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም ውድቅ የተደረጉት፣ ብዙዎቹ የብድራቸው ዓይነት ወይም የክፍያ ዕቅዳቸው ብቁ እንዳልነበረ የሚነግራቸው ሰው ባለማግኘታቸው ነው። ሴቭ በሚባለው በገቢ ላይ የተመሠረተ የክፍያ ዕቅድ ውስጥ ሆነው ክፍያቸው እንዲቆም የተደረገላቸው ሰዎችም እነዚያ ወራት ወደ 120ው አይቆጠሩላቸውም፤ እርስዎም እዚያ ውስጥ ካሉ ዕቅድዎን ይቀይሩ።

የግሪን ካርዱን ጉዳይ በተመለከተ መልሱ የሚያስደስት አይደለም። ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል። ፒኤስኤልኤፍ ግን ስለ ዜግነት አይጠይቅም፤ የፌዴራል ብድሩን በሕጋዊ መንገድ ወስደው ከሆነ ይበቃል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ በራሱ የሚመጣ ይመስለኛል፦ ፒኤስኤልኤፍን ዛሬ መቁጠር መጀመር፣ ፈቃዱንና ዜግነቱን ሲያገኙ ደግሞ ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮርን መመዘን ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ከናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር ያገኙትን ገንዘብ በፌዴራሉ ብድር ላይ ካዋሉት፣ ቆይቶ በነፃ ሊሰረዝ የሚችለውን ዕዳ ቀድመው መክፈልዎ ነው። የግል ብድር ስላለብዎ ገንዘቡ በቅድሚያ ወደዚያ እንዲሄድ ቢያደርጉ ከሁለቱም ይጠቀማሉ።

ምላሽ፦ ከሳይካትሪክ ነርስ ፕራክቲሽነር

ከላይ የተሰጠው ምላሽ የተሟላ ስለሆነ፣ እኔ ወገኖቻችን በብዛት ለተሰማሩበት ለነርስነት ሙያ ብቻ ልጨምር። ነርስ ኮር የሚባለውን የብድር ክፍያ ፕሮግራም ብዙ ሰው አያውቀውም። እጥረት ባለበት ተቋም 2 ዓመት ለሚያገለግል ነርስ ካልተከፈለ የነርሲንግ ትምህርት ዕዳው 60 በመቶውን ይከፍላል፤ ሦስተኛ ዓመት ለሚጨምር ደግሞ ተጨማሪ 25 በመቶ ይከፍላል። ከዜጎች ሌላ ግሪን ካርድ ያላቸውንም ይቀበላል። ልዩነቱ ገንዘቡ ግብር የሚከፈልበት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ እጅ የሚገባው ከተባለው ያነሰ እንደሚሆን አስቀድሞ ማስላት ይገባል። ነርስ ሆናችሁ ወደ አእምሮ ሕክምና ለማለፍ የምታስቡ እህቶችና ወንድሞች ካላችሁ ይህን መንገድ አጥኑት።

አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ደግሞ ልናገር። ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር በቅርብ ዓመታት ስፓኒሽ አቀላጥፈው ለሚናገሩና እንግሊዝኛ የማይችሉ ሕመምተኞችን ለሚያገለግሉ ባለሙያዎች እስከ 5,000 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ጀምሯል። ሐሳቡ እጅግ ትክክል ነው፤ ያልገባኝ በአንድ ቋንቋ መወሰኑ ነው። በመንፈስ ጭንቀት የምትሠቃይ እናት በልጇ አስተርጓሚነት ስለ ራስዋ ሕመም ስትናገር ያየ ሰው፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማልኛ የሚችል ቴራፒስት በዚያ ክፍል ውስጥ መገኘቱ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ልጁ መስማት የማይገባውን ይሰማል፣ እናቲቱም መናገር የሚገባትን ትደብቃለች። እጥረት ሲለካ የባለሙያው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሕመምተኛው ቋንቋም ቢታሰብ ኖሮ፣ ዛሬ እጥረት የለባቸውም የሚባሉ ብዙ የከተማ ሰፈሮች እጥረት ያለባቸው ሆነው በተገኙ ነበር።

ምላሽ፦ በጤና ፖሊሲ ላይ ከሚሠራ አባል

ሁለተኛውን ጥያቄ እመልሳለሁ፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት እጥረት ያለበት ብሎ የሚሰይማቸው አካባቢዎች፣ በተለምዶ ሂፕሳ የሚባሉት፣ በውስጣቸው የሚኖረው ሕዝብ ለአእምሮ ጤና ዘርፍ ብቻ ሲቆጠር ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። አንድ አካባቢ ለ30,000 ሰው አንድ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) እንኳ ካላገኘ በዚህ ስያሜ ሊታቀፍ ይችላል። ለእነዚህ ቦታዎች ከ0 እስከ 25 ነጥብ ይሰጣል፤ ገንዘቡ ሲከፋፈልም ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ይቀድማሉ። ክሊኒኩ ፌዴራል ድጋፍ የሚያገኝ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ከሆነ ደግሞ ስያሜውን በቀጥታ ያገኛል። መለኪያው ጉድለት ቢኖርበትም፣ ገንዘቡ ወደ ተቸገረው ወገን እንዲሄድ ማድረጉ መልካም ነው።

ሰዎቹ ይቆያሉ ወይ ለሚለው፣ ቤርኒግሃውዘንና ብሉም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት የጥናቶች ግምገማ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የተመለከቷቸው 43 ጥናቶች ሲሆኑ 34ቱ በአሜሪካ ፕሮግራሞች ላይ የተሠሩ ናቸው። ያገኙት ውጤት ሁለት ገጽ አለው። በእነዚህ ፕሮግራሞች ያለፉ ባለሙያዎች ባለሙያ በተቸገሩ አካባቢዎች የመሥራት ዕድላቸው ካላለፉት ይበልጣል፤ መጀመሪያ በተመደቡበት በዚያው ቦታ ላይ ሲታይ ግን በራሳቸው ፈቃድ ከመጡት ይልቅ ቶሎ ይለቃሉ። በተጨማሪም ውሉን የሚፈርሙት ሰዎች ቀድሞውንም ለድሆች ለመሥራት የቆረጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ውጤቱ ሁሉ የገንዘቡ ነው ብሎ ለመናገር ያስቸግራል። እንግዲህ ጠያቂው የታዘቡት ነገር ትክክል ነው፤ ክሊኒኩ ሰው ያጣል፣ ያ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ የተቸገረ ቦታ ሄዶ ይሠራል። ለአገሪቱ ይህ መልካም ዜና ሊሆን ይችላል። ለአእምሮ ሕመምተኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው በመዝገብ ይተላለፋል፣ ለዓመታት የተገነባ መተማመን ግን በመዝገብ አይተላለፍም። ለጠቅላላ ሐኪም የተቀረጸውን የ2 ዓመት ውል እንዳለ ወስዶ ለቴራፒስት መስጠት ስሕተት ነው የምለው ለዚህ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሻለው፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ላይ አነስ ብሎ ባለሙያው በቆየ ቁጥር በየዓመቱ እያደገ የሚሄድ ውል ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የኦፒዮይድ ሕግ የተፈቀደውና በሱስ ሕክምና ለሚሠሩ በ6 ዓመት እስከ 250,000 ዶላር የሚከፍለው ስታር የሚባለው ፕሮግራም፣ ጊዜውን በማርዘሙ ወደዚህ ሐሳብ ይቀርባል።

ይሁንና ብድር መክፈል ብቻውን የማይነካው ሥር የሰደደ ምክንያት አለ፤ እሱም ሜዲኬይድና ሌሎች ኢንሹራንሶች ለአእምሮ ሕክምና የሚከፍሉት ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የእኩልነት ሕግ ኢንሹራንሶች የአእምሮ ጤናን ከሌላው ሕክምና አሳንሰው እንዳይሸፍኑ ቢያዝም፣ ለባለሙያው የሚከፈለው ዋጋ እስኪስተካከል ድረስ ልምድ ያለው ቴራፒስት ኢንሹራንስ ትቶ በጥሬ ገንዘብ ወደሚከፍሉት ደንበኞች መሄዱ አይቀርም። ብድሩ ባለሙያውን ወደ ክሊኒኩ ያመጣዋል፤ የሚያቆየው ግን ደመወዙና የሥራው ጫና ነው።

በመጨረሻም ሊመጣ ስላለው ለውጥ ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ያስቀራል። የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዓመት ከ20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ100,000 ዶላር በላይ ከፌዴራል መበደር አይችልም፤ ፕሮፌሽናል ተብለው ለተመደቡ እንደ ሕክምናና ሕግ ላሉ ትምህርቶች ጣሪያው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። ወጪያቸው ከዓመታዊው ጣሪያ የሚያልፍ የሶሻል ወርክና የምክር አገልግሎት ተማሪዎች ልዩነቱን ከግል አበዳሪ ለመሙላት ይገደዳሉ። የግል ብድር ደግሞ በፒኤስኤልኤፍ አይሰረዝም። ስለዚህ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ወጣቶች፣ የግል ብድርንም የሚከፍሉት እንደ ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር ያሉ ፕሮግራሞች ከዛሬው ይበልጥ ያስፈልጓቸዋል። ኮንግረሱ በጀታቸውን በዚያው መጠን ካላሳደገ፣ ከደሀ ቤተሰብ የመጣ ልጅ ይህን ሙያ የሚመርጥበት ዕድል እየጠበበ ይሄዳል። ለሕዝብ እንደራሴዎቻችን ደብዳቤ የምንጽፍበት ጉዳይ ካለ ይህ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከአዲስ ተመራቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፒኤስኤልኤፍ የቀጣሪ ማረጋገጫ ቅጹን ነገ ለክሊኒኩ የሰው ኃይል ክፍል አቀርባለሁ። የፈቃድ ሰዓቴም ለእርሱ እንደሚቆጠር ማወቄ ብቻ ትልቅ እፎይታ ሰጥቶኛል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጊዜው ደርሶ ከናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር ጋር ውል ብፈርም፣ በመካከሉ ክሊኒኩ ቢዘጋ ወይም የሥራው ሁኔታ የማይቻል ቢሆን ምን ይገጥመኛል?

ምላሽ፦ ከክሊኒካል ሶሻል ወርከር

ይህን ከመፈረምዎ በፊት መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ ውሉ ቀላል አይደለም። አገልግሎቱን ሳይጨርሱ ያቋረጡ እንደሆነ፣ ላላገለገሉበት ጊዜ የተከፈለዎትን ገንዘብ ይመልሳሉ፤ በዚያ ላይ ላላገለገሉት ለእያንዳንዱ ወር 7,500 ዶላርና ወለድ ይጨመርበታል። ጠቅላላው ቅጣት ከ31,000 ዶላር በታች ሊሆን አይችልም። ወሊድ፣ ሕመምና የመሳሰለ ከባድ ምክንያት ሲያጋጥም አገልግሎቱን ለጊዜው ለማቆም ማመልከት ይቻላል። ከዚህ ውጭ በአንድ የአገልግሎት ዓመት ከሥራ ገበታ መለየት የሚፈቀደው ለ7 ሳምንት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ወደ አገር ቤት ረጅም ጉዞ የሚያስቡ ሰው ይህን አስቀድመው ያስሉ።

ክሊኒኩ ቢዘጋ ወይም ከሥራ ቢያሰናብትዎት፣ ወዲያውኑ ለኸርሳ አሳውቀው ወደ ሌላ የተፈቀደ ክሊኒክ ለመዛወር መጠየቅ ይችላሉ። ዋናው ነገር በራስ ፈቃድ ሥራ ለቆ ቆይቶ አለማሳወቅን መጠንቀቅ ነው፤ ሳይፈቀድ መዛወር እንደ ውል ማፍረስ ሊቆጠር ይችላል። እኔ ባገለገልሁበት ቦታ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከአለቃው ጋር ባለመስማማት ለመልቀቅ በተነሣ ጊዜ፣ ዝውውሩን ቀድሞ በጽሑፍ በመጠየቁ ያለ ቅጣት በሌላ ከተማ ቀጥሏል።

ስለዚህ ክሊኒኩን ከውሉ በፊት ያጥኑት። ባለፉት ዓመታት ስንት ቴራፒስት እንደለቀቀ፣ አንድ ሰው በሳምንት ስንት ታካሚ እንደሚያይ፣ የሂፕሳ ነጥቡ ስንት እንደሆነ፣ በዙሪያው ዝውውር ቢያስፈልግ ሌላ የተፈቀደ ክሊኒክ መኖሩን በቃለ መጠይቁ ላይ ሳያፍሩ ይጠይቁ። አሁን የሚሠሩበት ክሊኒክ ራሱ በኸርሳ የተፈቀደ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ ቦታ ከመፈለግዎ በፊት እሱን ያረጋግጡ፤ የተፈቀደ ሆኖ ከተገኘ፣ ታካሚዎችዎን ሳይለቁ ውሉን እዚያው መፈጸም ይችላሉ።